ቀረጥ መኪናን እንዴት ያሳንሳል?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ መኪና ነው። ስለ አነዳድም ሆነ ስለ ጥገና አናወራም። የምንነጋገረው እንደ እኛ ያለ አገር በመንገዱ ላይ የሚሄዱት መኪኖች ትንንሾችና ንጹሖች እንዲሆኑ ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። መኪና የሌላችሁ አድማጮችም ጆሯችሁን አትንፈጉን፤ ጭሱን የምንተነፍሰው ሁላችንም ነን፣ ለነዳጅ የሚወጣው ዶላርም ከሁላችን ጓዳ የሚወጣ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፉትን መኪኖች ብታዩ፣ ብዙም ሳትቆዩ አንድ ሱዙኪ ዲዛየር ማለፏ አይቀርም። በስልክ ተጠርተው የሚመጡት ታክሲዎች ብዙዎቹ ዲዛየሮች ናቸው። በደንብ አይታችኋት ከሆነ ከፊት እንደማንኛዋም አውቶሞቢል ናት፤ ከኋላ ግን የዕቃ መጫኛዋ በድንገት ያልቃል። ይህን ቅርጽ የሰጣት የህንድ ቀረጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆች 2006 የህንድ መንግሥት በዓመታዊ በጀቱ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ርዝመቱ ከ4 ሜትር ያነሰ፣ ሞተሩም ቤንዚን ከሆነ ከ1,200 ሲሲ፣ ናፍጣ ከሆነ ከ1,500 ሲሲ የማይበልጥ መኪና ኤክሳይዝ ታክሱ ከ24 በመቶ ወደ 16 በመቶ እንዲወርድለት ወሰነ። ከዚያ የተረፈው ባለበት 24 በመቶ ላይ ቀረ። በ2008 ለገበያ የወጣችው የመጀመሪያዋ ዲዛየር ርዝመቷ 4 ሜትር ከ16 ሴንቲ ሜትር ስለነበረ ከመስመሩ ውጭ ነበረች። በ2012 የመጣችው ሁለተኛዋ ግን 3 ሜትር ከ99 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነች። መሐንዲሶቹ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ቆረጡላትና ከመስመሩ በታች አስገቧት። የቤንዚን ሞተሯም 1,197 ሲሲ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186ን አጸደቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ሕግ እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ አውቶሞቢል 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ያለው 60 በመቶ፣ ከ1,800 የበለጠው 100 በመቶ ይከፍል ነበር። አዲሱ አዋጅ ከ1,300 ሲሲ ለማይበልጥ አዲስ መኪና 30ውን ወደ 5 በመቶ አወረደው። በህንድ ቀረጥ የተቆረጠችው መኪና በኢትዮጵያ ቀረጥ በኩል ሰፊ በር ተከፈተላት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማውን የሞላችው በአጋጣሚ አይደለም።

ከ30 ወደ 5 መውረድ ይህን ያህል ምን ለውጥ ያመጣል የሚል አድማጭ ይኖራል። ለውጡ የሚገባን ቀረጥና ታክሱ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ የሚሰላ መሆኑን ስናውቅ ነው። ወደብ ሲደርስ ዋጋው 1 ሚሊዮን ብር የሆነ መኪና እናስብ። የጉምሩክ ቀረጡን 35 በመቶ ብለን እንያዝ፤ 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ሆነ። ኤክሳይዝ ታክሱ የሚሰላው በዚህ ድምር ላይ ነው። ሞተሩ ትንሽ ሆኖ 5 በመቶ ከተከፈለበት 1 ሚሊዮን 417 ሺህ ይሆናል፤ 60 በመቶ ከሆነ ግን 2 ሚሊዮን 160 ሺህ ይደርሳል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በሁሉም ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ገዢ 1 ሚሊዮን 790 ሺህ ገደማ፣ ሁለተኛው 2 ሚሊዮን 730 ሺህ ገደማ ይከፍላሉ። ወደብ ላይ ዋጋቸው አንድ የነበሩ ሁለት መኪኖች ከ900 ሺህ ብር በላይ ተራራቁ። ይህን ያህል ገንዘብ የማንኛችንንም ሐሳብ ያስቀይራል።

ስለዚህ ቀረጥ የመንግሥት ገቢ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ምን እንዲሠራ፣ ነጋዴው ምን እንዲያስመጣ፣ እኛም ምን እንድንገዛ የሚመራን እጅ ነው። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው የሚያስፈልገው። ቀረጡ የለካውን ያሳንሳል፤ ያልለካውን አያሳንስም።

ህንድ ከሞተሩ ጋር የለካችው ርዝመትን ነበር። መኪኖቹም አጠሩላት። ነገር ግን ቁመታቸውን ከፍ አድርገው፣ ክብደታቸውን ጨምረው፣ ከ4 ሜትር በአንድ ጣት ብቻ ያነሱ የጂፕ ቅርጽ ያላቸው መኪኖች በብዛት ተሠሩ። ሕጉን አክብረዋል፤ የሚጠጡት ነዳጅ ግን የታሰበውን ያህል አልቀነሰም። እኛ ደግሞ የለካነው ሲሲን ነው። ቶዮታ በአንዳንድ ያሪስና ቪትዝ ላይ የገጠመው 1,329 ሲሲ ሞተር ነበረ። ቤንዚን ቆጣቢ ሞተር ነው፤ ይሁንና በ29 ሲሲ ብቻ መስመሩን ስላለፈ ከ60 በመቶው ወገን ተመደበ። ከእሱ በላይ የሚጠጣ፣ ሞተሩ ግን 1,298 ሲሲ የሆነ አሮጌ ንድፍ ከመስመሩ በታች ይቆማል።

ታይላንድ ሌላ መንገድ መረጠች፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም የተሻለ የታሰበበት ይመስለኛል። በፈረንጆች 2007 «ኢኮ ካር» የሚል ዕቅድ አወጣች። የሞተር ጣሪያ ነበረው፤ ለቤንዚን 1,300 ሲሲ። ዋናው መስፈርት ግን ሌላ ነበር። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር ከ5 ሊትር በላይ እንዳይጠጣ፣ በኪሎ ሜትር ከ120 ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳይለቅ፣ ጭሱም ዩሮ 4 የሚባለውን ደረጃ እንዲያሟላ ተጠየቀ። ይህን ላሟላ መኪና ኤክሳይዝ ታክሱ ከ30 ወደ 17 በመቶ ወረደ። ፋብሪካዎቹም በአምስተኛው ዓመት ቢያንስ 100 ሺህ መኪና በዓመት ለማምረት ግዴታ ገቡ። የመጀመሪያዋ ኒሳን ማርች በ2010 ወጣች። በ2013 በተጀመረው ሁለተኛ ዙር መስፈርቱ ጠብቆ ወደ 4.3 ሊትርና 100 ግራም ወረደ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ታይላንድ የመኪና ታክሷን በሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግራም እንዲሰላ አደረገች።

ልብ በሉ። ታይላንድ የፈለገችው ነዳጅ እንዲቀንስ ነው፤ የለካችውም ነዳጁን ነው።

ትንሿ ሞሪሸስም በ2011 ተመሳሳይ ነገር ሞክራለች። በኪሎ ሜትር 158 ግራም የሚል መስመር አሰመረች፤ ከዚያ በላይ የሚለቅ መኪና የገዛ ተጨማሪ ይከፍል፣ ከዚያ በታች የሚለቅ የገዛ ደግሞ ከታክሱ ይመለስለት ነበር። ከአባካኙ ተቀብሎ ለቆጣቢው መስጠት ነው። ደስ የሚል አሠራር ነው፤ ትንሹን መኪና ለማበረታታት የመንግሥት ካዝና እንዳይራቆት ያደርጋልና።

ወደ እኛው አዋጅ ልመለስና አንድ ቅር የሚለኝን ነገር ልንገራችሁ። አዋጁ ሁለተኛ መለኪያም ነበረው፤ ዕድሜ። ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ኤክሳይዝ ታክሱ እየጨመረ ሄዶ፣ ሞተሩ ትልቅ ሆኖ ከ7 ዓመት በላይ ለሆነው እስከ 500 በመቶ ይደርስ ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ጥናት መሠረት ከ2015 እስከ 2018 ባሉት የፈረንጆች ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል፤ ትልቁ ድርሻ ወደ አፍሪካ ነው የመጣው። እዚያ ከመንገድ የወጣው እዚህ መንገድ ላይ ይውላል። ጭሱን የሚያጣራው ክፍል የሞተ ወይም የተነቀለ፣ ማርሚታው ያለቀ መኪና ልጆቻችን ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ሲያጨስ ማየት ያማል። ይህን ማስቆም ትክክል ነው።

ነገር ግን ያቺን አሮጌ ቪትዝ ሲገዛ የነበረው ማን ነው? መምህሩ ነው፣ ነርሷ ናት፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ ሕይወቱን አንድ ደረጃ ከፍ ለማድረግ የሚጥር ሰው ነው። አዲስ መኪና በ5 በመቶም ቢሆን ከአቅሙ በላይ ነበር። የውጩ በር ሲዘጋበት አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ናረ፤ ባለቤቱም መሸጡን ትቶ ሞተር እያስወረደ መንዳቱን ቀጠለ። እንዲህ ሲሆን መንገዱ ላይ ያለው መኪና አይታደስም፤ የነበረው ራሱ ያረጃል። ያገለገለውን ከማገድ ጎን ለጎን ትንሽ አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስችል ብድር ቢመቻች፣ ዓመታዊ ምርመራው ቦሎ ለመለጠፍ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ጭሱን በመሣሪያ የሚለካ ቢሆን፣ አዋጁ የታሰበለትን ያህል በሠራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ትንሽ ሞተር ለአገራችን ዳገት አይሆንም» የሚለውንም እዚህ ላይ እንየው፤ ብዙ ጊዜ ስለምንሰማው። አባባሉ መሠረት አለው። የቤንዚን ሞተር የሚሠራው አየር ስቦ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቶ ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አንዱን ያህል ይጎድላል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ 1,000 ሲሲ ያላት ቪትዝ እዚህ የምትሰጠው ጉልበት ጃፓን ውስጥ 800 ሲሲ ሞተር ከሚሰጠው ብዙ አይርቅም። አምስት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ ስትወጣ ብታቃስት አይፈረድባትም።

ያም ሆኖ እውነቱን እንነጋገር። ለዳገቱ የሚያስፈልገው ከክብደት ጋር የተመጣጠነ ጉልበት እንጂ ግዙፍ መኪና አይደለም። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ላንድክሩዘር ጉልበቱን ብዙውን የሚያጠፋው ራሱን ዳገት በማውጣት ነው። ትንሽ አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ብትጠጣ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ የቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ ከ15 ሊትር በላይ ይጠጣል። በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢነዱ የአንዷ 900 ሊትር፣ የሌላው ከ2,250 ሊትር በላይ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሊትሩም በዶላር ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ የመጣ ነው። በተራራማ ጥርጊያ መንገድ ለሚሠራ ሐኪም ወይም የግብርና ባለሙያ ትልቁ መኪና ያስፈልገዋል፤ ይህን ማንም አይክድም። ከቦሌ ሜክሲኮ አንድ ሰው ለማመላለስ ግን ምን ያደርጋል?

እንግዲህ ከሁሉም ወደሚበልጠው ለውጥ ደረስን። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ለነዳጅ የሚከፈለው የውጭ ምንዛሪ ከአቅም በላይ መሆኑ ዋናው ምክንያት ነበር። በዓለም እንዲህ ያለ ውሳኔ ቀድማ የወሰነችው ኢትዮጵያ ናት። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ ነበር። ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ በከፊል ተገጣጥሞ የሚመጣው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ምንም እንዳይከፍል ተወሰነ።

በግሌ ውሳኔውን እደግፋለሁ። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ብዙ አገሮች የኤሌክትሪክ መኪናቸውን የሚሞሉት ድንጋይ ከሰል አንድደው ነው፤ እኛ ዓባይን ይዘን ነው። የዳገቱም ነገር ይቃለላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይወስድበትም፤ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑን ተክቶ ባትሪውን መልሶ ይሞላል።

ነገር ግን አድማጮች፣ ሲሲ የሚባለው መለኪያ ከቤንዚን ሞተሩ ጋር ሄደ። በምትኩ ሌላ መለኪያ አልተበጀም። ከታክስ ነጻ ሲደረግ መኪናው ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። 15 በመቶው የጉምሩክ ቀረጥ በዋጋው ላይ ስለሚሰላ ውዱ መኪና በብር ብዙ መክፈሉ አይቀርም፤ ነገር ግን ትንሹን የሚያስመርጥ የ5 እና የ60 በመቶ ዓይነት ልዩነት የለም። ውጤቱን መንገድ ላይ እያየን ነው። ከቻይና የሚመጣው ፎልክስቫገን አይዲ 6 ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ነው። ባትሪው በትልቁ ዓይነት 85 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ቢዋይዲ ሲገል የምትባለው ትንሽ መኪና ባትሪዋ 30 ወይም 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ክብደቷም አንድ ቶን ከሩብ አይሞላም። ከአንዱ ትልቅ መኪና ባትሪ የትንሿን ሁለት ባትሪ አውጥቶ ትርፍ ይቀራል።

«ጭስ ከሌለው ትልቅነቱ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ይጎዳል። ባትሪው የሚገዛው በዶላር ነው፤ ከመኪናው ዋጋም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ትልቅ ባትሪ ባስመጣን ቁጥር ለነዳጅ እንዳናወጣው የፈለግነውን ምንዛሪ በሌላ በር እናወጣዋለን። መብራቱም ቢሆን የእኛ ስለሆነ ብቻ የሚባክን አይደለም። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ገና መብራት አላገኘም፤ ያገኘነውም ሰፈራችን ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ሲጨናነቅ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ከዚያም አልፎ ጎማና የፍሬን ሸራ ሲበሉ የሚወጣው ብናኝ ከክብደት ጋር ይጨምራል፤ አስፋልቱም የሚጎዳው በክብደት ነው። ከሁሉ በላይ ግን እግረኛውን አስቡት። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ለእነሱ የሚመጣባቸው መኪና አንድ ቶን መሆኑና ሁለት ቶን ተኩል መሆኑ፣ የፊቱም ዝቅ ማለቱና ደረት ላይ መድረሱ፣ የመትረፍና ያለመትረፍ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ስለ ተሳፋሪው ደኅንነት የሚሰጉም አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ርካሽ ትንሽ መኪና ብዙ ጊዜ በብረቱና በኤርባጉ ላይ ተቆጥቦ ተሠርቷል። ይህ ግን ዕጣ ፈንታ አይደለም። በፈረንጆች 2024 የወጣችው አዲሷ ዲዛየር ግሎባል ኤንካፕ በተባለው ተቋም የግጭት ሙከራ ለአዋቂ ተሳፋሪ አምስት ኮከብ አግኝታለች። ርዝመቷ ያው ከ4 ሜትር በታች ነው። ቀረጡ ደኅንነትንም ከለካ ፋብሪካው ደኅንነትን ይጨምራል።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና የተሰጠው ማበረታቻ ይቀጥል፤ ግን መለኪያ ይኑረው። መኪናው 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል? ስንትስ ይመዝናል? በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ቀረጡ ከትንሹ ወደ ትልቁ ቀስ በቀስ ይጨምር። በአንድ ነጥብ ላይ የሚዘል ከሆነ እንደ 1,329 ሲሲው ሞተር ያለ መስመር ዳር የሚወድቅ ይበዛል። ከትልልቆቹ የሚሰበሰበው ገንዘብ እንደ ሞሪሸሱ ለትንንሾቹና ከሁሉም በፊት ለኤሌክትሪክ ሚኒባስና አውቶቡስ ይዋል። በቀን መቶዎችን የሚያጓጉዝ አንድ ሚኒባስ ከአሮጌ ናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ቢቀየር፣ የሚያተርፈው ንጹሕ አየር ከአንድ የቤት መኪና ጋር አይወዳደርም።

መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ አድማጮቻችን ደግሞ ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ የለባችሁም። በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ሻጩም ትልቁን ቁጥር ይነግራችኋል። እናንተ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የባትሪውን ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በ100 ኪሎ ሜትር የሚፈጀውን፣ የመኪናውን ክብደት። በቀን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትነዱ አንድ ሳምንት መዝግቡ። ብዙዎቻችሁ ከ50 ኪሎ ሜትር እንደማያልፍ ታገኙታላችሁ፤ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይህን ሦስትና አራት ቀን ይችላል። አዳማ ወይም ደብረ ብርሃን በየሳምንቱ የምትመላለሱ ከሆነ ስሌቱ ይለያል፤ መንገድ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ የት እንዳለ አስቀድማችሁ አጣሩ። ገዝታችሁ ስታበቁም ቤታችሁ ያለው ቆጣሪና ሽቦ የቻርጀሩን ጭነት የሚችል መሆኑን በባለሙያ ሳታስፈትሹ አትሰኩ።